መቀሱ የማን ነው?

ቫይሰንባኽ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1987

የተከበሩ አቶ ሎረንዝ ሄፍላይን፣

መልስዎ ሐሙስ ዕለት ደረሰኝ። ከአርባ ዓመት ገደማ ዝምታ በኋላ መጻፍዎ ራሱ ትልቅ ነገር ነውና አመሰግናለሁ። ሦስት መስመር ብቻ መሆኑን ግን አልታዘብም፤ እኛ ሄፍላይኖች ወረቀት ላይ ስንደርስ ስስታሞች ነን።

ለጥያቄዎችዎ በየተራ ልመልስ። አድራሻዎን የሰጠኝ ማስቲሽ የሚያቀርብልን የፖርቶ ነጋዴ ነው። «እኛ ከተማ ያለው ጫማ ሠሪ ሄፍላይን ምናችሁ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «የአጎቴ ልጅ» ስለው፣ ይህን ያህል ዓመት ሳንገናኝ መቅረታችን ገርሞት ጠረጴዛዬ ላይ ጽፎልኝ ሄደ። አዎ፣ የአባቶቻችን እህት አክስት ኩኒ በሕይወት አለች። ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው። የምትኖረው መነኮሳቱ በሚያስተዳድሩት የአረጋውያን ቤት ሲሆን፣ ጆሮዋ የፈለገችውን ብቻ ይሰማል። አባቴ ያረፈው በ1974 ነው። ያኔ ሳልጽፍልዎ በመቅረቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የእርስዎን አባት ማረፍም እኛ የሰማነው ዓመት ካለፈ በኋላ ነበርና፣ እንግዲህ እኩል ነን።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ኩባንያውን ልሸጥ ነው። ገዢዎቹ ትልቅ የውጭ ድርጅት ናቸው፤ ጠበቆቻቸው ደግሞ በመርፌ ቀዳዳ የሚያዩ ሰዎች ናቸው። የኩባንያውን ታሪክ ጻፊ ስላሉኝ እንዲህ ብዬ ሰጠኋቸው፤ ስህተት ካለበት ያርሙኝ፦

«ሁለት ወንድማማቾች፣ ኮንራድና ዬርግ ሄፍላይን፣ በ1926 በእናታቸው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የሩጫ ጫማ መሥራት ጀመሩ። በጫማው ጎን ላይ እንደተከፈተ መቀስ የሚተላለፉት ሁለት የቆዳ ማሰሪያዎች ስማቸውን በዓለም አስጠሩት። በ1949 ወንድማማቾቹ ተለያዩ። ዬርግ ጫማ የሚሠራባቸውን የእንጨት ፎርማዎች ይዞ ወደ ፖርቱጋል ሄደ። ፋብሪካውና የመቀሱ ምልክት ለኮንራድ ቀሩ። ዛሬ ብቸኛዋ ባለቤት ልጁ ቫልቡርጋ ናት።»

ለዚህ ያለን ማስረጃ፣ አባትዎ የሄዱ ዕለት ጠረጴዛ ላይ የተዉት ወረቀት ብቻ ነው፦ «ፎርማዎቹን ወስጃለሁ። ማሽኖቹ ይቅሩ። ስለ ኩኒ አደራ። መቀሱ የእርስዎ ነው። ዬርግ።» ከተጣሉ ወዲህ ሁለቱ «እርስዎ» እየተባባሉ እንደነበር ያስታውሳሉ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ያችን የመጨረሻ መስመር እያነሳ ይናደድ ነበር። «ወንድሜ ሲሰጠኝ እንኳ እየሰደበኝ ነው» ይል ነበር።

ከእርስዎ የምፈልገው ፊርማ ብቻ ነው። ጽሑፉ የአባትዎ መሆኑንና ምልክቱን ለአባቴ መተዋቸውን ይመስክሩልኝ። የወረቀቱን ቅጂ ከቅጹ ጋር አያይዣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ቫልቡርጋ ሄፍላይን


ፖርቶ፣ ኖቬምበር 20 ቀን 1987

የተከበሩ ወይዘሮ ቫልቡርጋ፣

ለመልሴ መዘግየት ይቅርታዎን እለምናለሁ። ሰበብ መደርደር አላውቅበትም፤ ፈርቼ ነው የዘገየሁት። ከቫይሰንባኽ የመጣ ፖስታ ቤቴ ሲገባ ይኸው ሁለተኛው ነው፤ ሁለቱንም ሳልከፍት ሁለት ሁለት ቀን አሳድሬያቸዋለሁ።

ስለ ሥራዬ በመጀመሪያው ደብዳቤዎ ለጠየቁኝ፦ አንድ እግራቸው ላጠረ፣ ቁርጭምጭሚታቸው ለዞረ፣ በስኳር በሽታ እግራቸው ለቆሰለ ሰዎች ጫማ እሠራለሁ። ሯጭ ደንበኛ ኖሮኝ አያውቅም። ደንበኞቼ እስከ ገበያው መድረስ ከቻሉ ደስ ይላቸዋል፤ ለእኔም ይበቃኛል። አላገባሁም። ስለ መልኬ ደግሞ፣ እንደፈሩት ነው፤ የአባቴ አፍንጫ ሙሉ በሙሉ ወርሶኛል።

ቅጹን አልፈረምኩም። እምቢ ማለቴ አይደለም፤ ሁለት ነገር ቢቸግረኝ ነው። አንደኛ፣ የላኩልኝ ቅጂ ደብዛዛ ነው፤ የመጨረሻዋ መስመር ላይ ቀለም ፈስሷል። ምስክርነት ከሆነ ያላየሁትን አየሁ ማለት አልችልም። ፎቶግራፍ ሊያስነሱልኝ ይችላሉ?

ሁለተኛ፣ ስለ ገዢዎቹ፣ ስለ ጠበቆቹ፣ ስለ አክስት ኩኒ ጆሮ እንኳ ጽፈውልኛል። ስለ ስፌት ክፍሉ ግን አንድ ቃል የለም። ልጅ ሆኜ ሴቶቹ ምሳቸውን ሲበሉ በማሽኖቹ ሥር እየተሽሎከለኩ የወደቀ ክር እለቅም ነበር። ክፍሉ ምን ይሆናል?

በአክብሮት፣
ሎረንዝ


ቫይሰንባኽ፣ ዲሴምበር 6 ቀን 1987

የተከበሩ አቶ ሎረንዝ፣

ፎቶግራፉ ይኸው። ፎቶ አንሺያችን ለሠርግ የሚጠቀምበትን መብራት ሁሉ አብርቶ ነው ያነሳው፤ ወረቀቷ እንደ ሙሽራ ተሞሽራለች።

ስለ ስፌት ክፍሉ የጠየቁኝን እዚህ ማንም ደፍሮ አልጠየቀኝም። ሁሉም ስለሚያውቀው ይሆናል። እንግዲህ እርስዎም ይወቁት፦ በመጪው ክረምት ይዘጋል። ገዢዎቹ የሚፈልጉት መቀሱን ነው። ጫማውን ርካሽ በሆነበት አገር ያሰፉታል። ዘጠና አራት ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ሴቶች፣ አብዛኞቹንም በስማቸው አውቃቸዋለሁ። ባለፈው ደብዳቤ ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም።

እኔን ክፉ አድርገው ከማየትዎ በፊት ግን ይስሙኝ። ባሌ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው። ልጄ ሃምቡርግ ጥርስ ትነቅላለች፤ ጫማ አትወድም፣ ቫይሰንባኽንም አትወድም። ሦስት ዓመት ሙሉ ፋብሪካውን ብቻዬን ስጎትት ኖሬያለሁ፤ ደክሞኛል። አሁን ካልሸጥኩ በሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ ይወድቃል፤ ያኔ ማሽኑም፣ መቀሱም፣ ሴቶቹም አብረው ነው የሚወድቁት። ዛሬ ከሸጥኩ ቢያንስ ለእያንዳንዳቸው የስንብት ክፍያ እሰጣለሁ።

ስለዚህ እባክዎ ይፈርሙልኝ። ልመና አልወድም፤ ይኸው ግን ለመንኩ።

ቫልቡርጋ


ፖርቶ፣ ዲሴምበር 28 ቀን 1987

የተከበሩ ወይዘሮ ቫልቡርጋ፣

የገና በዓል እንዴት አለፈ? እኔ የደንበኞቼ ቤት ተጋብዤ የደረቀ ዓሣ ከድንች ጋር በላሁ። ይህን የምጽፈው ወደ ዋናው ነገር ላለመግባት መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ልግባ።

ፎቶግራፉን በማጉያ መነጽር አየሁት። አላመንኩም። የአባቴን ደብዳቤዎች ከሣጥን አውጥቼ ጎን ለጎን አስተያየሁት። አምስት ጊዜ። ጽሑፉ የአባቴ ነው፤ በዚህ እምላለሁ። ግን «መቀሱ የእርስዎ ነው» አይልም። «መቀሱ የእርስዋ ነው» ነው የሚለው፤ የእሷ ማለት ነው።

የምትለያቸው አንዲት ጭረት ናት፤ እሷም ላይ ቀለም ፈሶባታል። አባቴ ጭረቷን የት እንደሚያኖራት ግን እኔ አውቃለሁ፤ ማንበብ የተማርኩት በእሱ ጽሑፍ ነው። ከሷ በላይ ያለውን መስመር ደግሞ አብረው ያንብቡት፦ «ስለ ኩኒ አደራ። መቀሱ የእርስዋ ነው።»

በአባትዎ አልፈርድባቸውም። ከወንድማቸው ጋር ለወራት «እርስዎ» ሲባባሉ ከከረሙ፣ ያንን ቃል ሌላ አድርጎ ማን ያነበዋል? ሁሉም የሚያነበው የለመደውን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርዎ። እኛ ቤት መቀሱ ሁልጊዜ «የኩኒ መቀስ» ነበር የሚባለው። እኔ የቁልምጫ ስም ይመስለኝ ነበር። ሰዎች እዚህ ድረስ «ዬርግ መቀሱን ለወንድሙ ሸጦ መጣ» ብለው ሲያሙት አባቴ መልስ አልሰጠም። ሲሞትም ያንኑ ስም ይዞ ሞተ። አሁን ፎቶግራፉን ፊቴ አድርጌ አልቅሻለሁ፤ ይህን ለእርስዎ መጻፌ ያሳፍረኛል፣ ግን እውነት ነው።

ቅጹን መፈረም አልችልም። ያየሁትን ልመስክር ካሉኝ ግን ዛሬውኑ እፈርማለሁ።

ሎረንዝ


ቫይሰንባኽ፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 1988

ክቡር ሆይ፣

እንኳን ደስ ያለዎት። አርባ ዓመት ተኝተው በአንዲት ጭረት ነቁ።

ጠበቃዬን አነጋግሬዋለሁ። «ደብዳቤውን ቅደጅውና ሌላ ምስክር እንፈልግ» ይላል። በመዝገቡ ላይ ምልክቱ በእኔ ስም ነው፤ እርስዎ የሚሉትን የሰማ ሌላ ሰው የለም። አባቴ በዚያ ጫማ ወገቡ ጎብጦ ሞቷል፤ የእርስዎ አባት ግን ፎርማ ጭኖ ሄደ። አሁን ልጁ ከባሕር ማዶ ሆኖ በማጉያ መነጽር ባለቤት ይመርጥልናል።

ለወሩ የመጨረሻ ማክሰኞ ጠበቆቹ ቀጥረውኛል። ከእርስዎ የምጠብቀው ነገር የለም።

ቫ. ሄፍላይን

ለአክስት ኩኒ ምንም አልነገርኳትም። ደብዳቤዎን ግን አልቀደድኩትም።


ፖርቶ፣ ጃንዋሪ 18 ቀን 1988

የተከበሩ ወይዘሮ ቫልቡርጋ፣

ስድቡ ይገባኛል፤ አባትዎ ሲጎብጡ አላየሁም። አልከራከርዎትም።

አንድ ገጽ ብቻ ልኬያለሁ፤ አባቴ በ1951 ለእናቴ እናት የጻፈው ነው። በሦስተኛው መስመር ላይ «የእርስዎ»፣ በዘጠነኛው ላይ «የእርስዋ» የሚሉ ቃላት አሉ። ከወረቀቷ ጋር በራስዎ ዓይን ያስተያዩዋቸው። ዋናውን ነው የላኩት፤ ሌላ ቅጂ የለኝም። ማስቀመጥም መቅደድም የእርስዎ ፈንታ ነው።

ስለ መቀሱ ቃሏን ያልሰማሁት አንድ ሰው አለች፤ እርስዎም ያልሰሙት። እሷ ግን ከቢሮዎ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ናት።

ሎረንዝ


ቫይሰንባኽ፣ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1988

ሎረንዝ፣

ከዚህ በኋላ «አንተ» ልልህ ነው፤ ለምን እንደሆነ ዝቅ ብለህ ታነበዋለህ። ቅር ካለህ በሚቀጥለው ደብዳቤ ስደበኝ፤ ዕዳ አለብኝ።

የማክሰኞውን ቀጠሮ ሰረዝኩት። ገጽህን ከወረቀቷ ጎን አድርጌ አየሁ። መነጽሬን ለውጬ አየሁ። ከዚያ የስፌት ክፍሏን ኃላፊ ጠርቼ ምንም ሳልነግራት «ይሄ ምን ይላል?» አልኳት። «የእርስዋ» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አንድ ሰከንድም አልፈጀባት።

እሑድ ወደ አክስት ኩኒ ሄድኩ። መነኮሳቱ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ በየሳምንቱ የኩሬ ዓሣ ይጠብሳሉ፤ እሷ ደግሞ ዓሣ ፊቷ ካለ ለጳጳስም አትነሳም። አጠገቧ ተቀመጥኩና፣

«አክስቴ፣ መቀሱን የሠራው ማነው?» አልኳት።

«የቱን መቀስ?»

«የጫማውን ነዋ።»

«እኔ ነኛ።» ሹካዋን እንኳ አላስቀመጠችም። «ያ ሯጩ ፖስተኛ ኩርባ ላይ ሲዞር ጫማው በጎኑ ይተረተርበት ነበር። ኮንራድ ወፍራም ቆዳ ይደረግ አለ፤ ዬርግ ቀጭን ይሁን አለ። ሁለቱ ሲጨቃጨቁ የቦርሳዬን ማንገቻ ለሁለት ቆረጥኩና አጣምሬ ሰፋሁለት። ከዚያ ወዲያ ተተርትሮ አያውቅም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ? ኮንራድ ‹ኩኒ፣ ሾርባው የታለ?› ይለኛል። ዬርግ ‹ኩኒ፣ ሸሚዜ የታለ?› ይለኛል። መቀሱን የጠየቅሽኝ አንቺ ነሽ፤ እሱንም ዓሣዬን እያቀዘቀዝሽ።»

ወረቀቷን አሳየኋት። መነጽር አልያዘችም ነበርና እኔ አነበብኩላት።  «ዬርግ እንዲህ ብሎ ጻፈ?» አለች። «እኔ ደግሞ ሳይሰናበተኝ የሄደ መስሎኝ ስንት ዓመት ተቀየምኩት!» ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና «የዬርግን ልጅ ምን ብለሽ ነው የምትጽፊለት?» አለችኝ።

«እርስዎ» አልኳት።

መነኩሲቷ ደንግጣ እስክትመጣ ድረስ ሳቀች። «እርስዎ! በአንድ ገንዳ ያጠብኳችሁ እኔ፣ የእሱን ሳሙና አንቺ ዓይን ውስጥ የከተትኩ እኔ! አባቶቻችሁን ይኼ እርስዎ እርስዎ የት አደረሳቸው? ነገ አንተ ብለሽ ጻፊለት፤ ካልሆነ ሁለተኛ እንዳትመጪብኝ።»

ክፍሉ ሊዘጋ፣ መቀሱም ልብስ ላይ ሊታተም መሆኑን የነገርኳት መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ ሹካዋን አስቀመጠች። ስለ ገንዘቡ አልጠየቀችም። የጠየቀችኝ፣ «ልብስ ላይ የሚያትሙት መቀስ ምን ይይዛል?» ብላ ነው።

«ምንም አይዝም፤ ሥዕል ነው» አልኳት።

«እንግዲያው ሥዕሉን ይውሰዱት። ጫማው ላይ ያለው ግን ስፌት ነው። የእኔ ከሆነ፣ ስፌቱ ከዚህ አይሄድም።»

እኔ ሦስት ጠበቃ ቀጥሬ ያላገኘሁትን እሷ በአንድ ሳህን ዓሣ ላይ አገኘችው። ለገዢዎቹ ልነግራቸው ነው፤ አንተም ያነበብከውን መስክርልኝ፣ ከዚያም መጥተህ አክስታችንን እያት። እምቢ ብለው ቢሄዱ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ግን ሎረንዝ፣ ከሦስት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠዋት ተነስቼ ወደ ፋብሪካው መሄድ አላስጠላኝም።

የአጎትህ ልጅ፣
ቡርጊ

ባለፈው «ክቡር ሆይ» ያልኩህን ይቅር በለኝ። ስለ አባትህ የተናገርኩትን ደግሞ ይበልጥ።


ፖርቶ፣ ማርች 2 ቀን 1988

ቡርጊ፣

ስምሽን እንዲህ ጽፌ ለአንድ ደቂቃ ያህል አየሁት። ሳሙናው የእኔ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር፤ የዘገየ ይቅርታዬን ተቀበይ።

ደብዳቤሽን ሱቄ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ወይዘሮ ግራሲንዳ የምትባል ደንበኛዬ፣ አንድ እግሯን ጫማ አድርጋ ሌላውን ባዶ እንደያዘች፣ «ሰው ሞተብህ?» አለችኝ። «የለም፣ ሰዎች ተገኙ» አልኳት። ቁጭ ብላ አብራኝ አለቀሰች። እዚህ አገር ለዚህ አይሰስቱም።

አዎ፣ የጠየቅሽኝን አደርጋለሁ። ምስክርነቴን በቆንስላው ፊት ፈርሜ አያይዣለሁ፤ ያነበብኩትን ብቻ ነው የጻፍኩት። አክስት ኩኒን ስለ ስንብቱ ንገሪልኝ፦ አባቴ የዚያን ዕለት ማለዳ ወደ በሯ ሄዶ ነበር። እኔ እጁን ይዤ ነበርኩ። ሊያንኳኳ እጁን አነሳና «ከቀሰቀስኳት አልሄድም» ብሎ መለሰው። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

አሁን ደግሞ አንቺ ያላነሳሽልኝን ነገር ልጠይቅሽ። ገዢዎቹ በዚህ መንገድ ከተስማሙ የሚከፍሉሽ ያንሳል። ለአንቺ ምን ይቀርሻል?

ለጋበዝሽኝ ደግሞ መልሴ፦ እመጣለሁ። ቀኑን ስትወስኚ ብቻ ጻፊልኝ። ለጉብኝት ብቻ መምጣት አለመምጣቴን ግን ገና አልወሰንኩም። ስፌት ክፍሉ ከቆየ፣ ለታመመ እግር የሚሆን ጫማ የሚሠራ ሰው አንድ ጥግ ታጡለት ይሆን?

ሎረንዝ


ቫይሰንባኽ፣ ሜይ 19 ቀን 1988

ውድ ሎረንዝ፣

ዝምታዬ አሳስቦህ እንደነበር ከሁለቱ ፖስትካርዶችህ ገብቶኛል፤ ይቅርታ አድርግልኝ። ሳይጨርሱ ማውራት ስለምፈራ ነው። አሁን አልቋል።

ገዢዎቹ መጀመሪያ ጮኹ። አንደኛው ጠበቃ «በአንዲት ጭረት!» እያለ ወረቀቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሳት ነበር። ሁለት ጊዜ ጥለውን ሄዱ፣ ሁለት ጊዜ ተመለሱ። ምስክርነትህን ካነበቡ በኋላ ግን ባለቤትነቱ የሚያከራክር ምልክት ከመግዛት የሥዕሉን ፈቃድ መውሰድ ይሻላል አሉ። ስለዚህ ልብሱም፣ ኳሱም፣ ኮፍያውም ላይ መቀሱን ያትማሉ፤ ለዚያም በየዓመቱ ይከፍላሉ። መቀስ ያለበት ጫማ ግን ከዚህ ክፍል በስተቀር የትም አይሰፋም። ከኩኒ በኋላ ምልክቱ ለስፌት ክፍሉ ሠራተኞች ማኅበር ያልፋል። ይህን ራሷ ናት ያስጻፈችው።

ሁሉም ተረፈ ብዬ አልዋሽህም። ከዘጠና አራቱ ስልሳ ሰባቱ ይቀራሉ። የሄዱት ጡረታቸው የደረሰ ናቸው፤ ሁለቱ ግን ገና ነበሩና ፊት ለፊት ተቀይመውኛል። ለእኔ ምን እንደሚቀረኝ ለጠየቅኸኝ፦ ሥራው ይቀረኛል። ሐይቅ ዳር ልገዛው የነበረውን ቤት ሌላ ሰው ይግዛው፤ እኔ ዋናም አልችልም።

ጥግህ ተጠርጓል። መስኮት አለው። ጁላይ መጀመሪያ ላይ ና።

አሁን የትናንቱን ልንገርህ። ምልክቱን ወደ ስሟ ለማዞር ኩኒን ይዤ ሙኒክ ሄድኩ፤ በባቡር፣ አዲሱን ኮቷን ለብሳ። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ጠበቆቹ፣ እኔና አንድ ጸሐፊ ነበርን። ጸሐፊው ፋይሉን ገለጠና «የምልክቱ ባለቤት ይቅረቡ» አለ። ኩኒ ማን እንደተጠራ ለማየት ወደ ኋላዋ ዞራ አየች።

«አክስቴ፣ አንቺን እኮ ነው» አልኳት።

ተነሳች። ጸሐፊው ስሟን ጻፈ፣ የተወለደችበትን ቀን ጻፈ። ሥራ የሚለው ላይ ሲደርስ ሽበቷን አየና ሳይጠይቃት «ጡረታ ላይ» ብሎ መጻፍ ጀመረ። ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«ሰርዘው ልጄ። ሰፊ በል።»

ሰርዞ ጻፈው። ከዚያ ብዕሩን ሰጣት። ስሟን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ፈጀባት፤ ከእያንዳንዱ ፊደል በኋላ ቆም እያለች ታየው ነበር። ሌላ ባለ ጉዳይ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ማንም አላቻኮላትም።

ቡርጊ